ከደወሉ ቀጥሎ ሰርግ ነው

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ባብዛኛው ስለ ውሃ ፈረቃና ስለ ቤት ኪራይ ናቸው፣ እነሱ ለሚቀጥለው ወር ይቆዩኝ። ሶስት የሙዚቃ ጥያቄ ደግሞ ባንድ ሰሞን መጥቶልኛል፣ ሶስቱም ከከተማው ዳር ዳር፣ በተለይ የመጀመሪያው የአንድ ሹፌር ነው፣ ሁለት ቀን ስስቅበት ሰነበትኩ። እንዳለ ነው ያወጣሁት፣ ፊደሉን ብቻ ትንሽ ነካ ነካ አድርጌዋለሁ።

ጥያቄ

ጋሼ እንደምን ከረሙ። እኔ ከየካ አባዶ መገናኛ የምሰራ የሚኒባስ ሹፌር ነኝ። የሚስቴ ወንድም አንድ ፍላሽ ሰጠኝ፣ ውስጡ የማይገኝ ነገር የለም፣ ከዛ መሀል ሙላቱ አስታጥቄ የሚል ፎልደር አለ ሰባት ዘፈን፣ ዘፈን አልኩት እንጂ ዘፋኝ የለውም። ረዳቴ መጀመሪያ «ይሄን ክላሲካል አጥፋው ሰው ይተኛብናል» ብሎ ነበር፣ እኔን ግን ጠዋት ጠዋት ስከፍተው ጭንቅላቴን ያሳርፈኛል። ባለፈው ምን ሆነ መሰለዎት፣ ዝናብ ነው፣ ካራ ላይ መንገዱ ጥርቅም ብሏል፣ ሰው መስኮቱን ዘግቶ ስልኩን ይነካካል። ከኋላዬ የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ እናት ጎመን በፌስታል ታቅፈው ትከሻዬን ነካ አደረጉና «ልጄ፣ ማን አርፎ ነው?» አሉኝ። ሰው ሳቀ። እኔ ደንግጬ «ኧረ ማንም አላረፈም እማማ፣ ሙዚቃ ነው» አልኩ። ረዳቴ ሊቀይረው እጁን ሲሰድ ግን ቀጣዩ ገባ፣ እሳቸው «ቆይ ተወው እስቲ» አሉ፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ትንሽ አዳመጡና «ይሄማ ኩሉን ማን ኳለሽ ነው!» ብለው በጉሮሯቸው ማንጎራጎር ጀመሩ፣ አጠገባቸው ያለችው ልጅ ደግሞ በቀለበቷ የወንበሩን ብረት ቀጭ ቀጭ ታደርጋለች። ኮተቤ እስክንደርስ መኪናው ውስጥ ፊቱን ያጨለመ ሰው አልነበረም፣ ረዳቴ ሂሳብ መሰብሰቡን ረስቶት ነበር (ይቺን ትንሽ አጋንኛለሁ)።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፣ ይሄ ነገር ከሃምሳ አመት በላይ ሆኖታል ይባላል፣ ለምንድነው የማይሰለቸው? ረዳቴ «ፈረንጅ ስለወደደው ነው እናንተም የወደዳችሁት» ይለኛል፣ እውነቱን ነው?

ሹፌሩ፣ ከየካ አባዶ

መልስ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስለ እማማ ላውራ። ሰው ሳቀ አልከኝ፣ እኔ ብሆን አልስቅም ነበር። የኔ እድሜ ያለው ሰው ይገባዋል፣ በደርግ ጊዜ ሬዲዮ ድንገት ፕሮግራሙን አቋርጦ ዘፋኝ የሌለው ሙዚቃ ብቻ ማሰማት ከጀመረ ሰፈር ውስጥ ወሬ ይቆም ነበር፣ እናቴ ማማሰያዋን እንደያዘች በር ላይ ትወጣና ለጎረቤቷ «ዛሬ ደግሞ ማን ይሆን?» ትላለች። አንዳንዴ እውነትም ትልቅ ሰው ሞቶ ነው፣ አንዳንዴ ምንም የለም፣ ግን ጆሯችን እንደዛ ሆኖ አደገ። ግጥም የሌለውን ሁሉ ደግሞ «ክላሲካል» ነው የምንለው፣ ረዳትህ ዛሬም የሚለው እሱኑ ነው፣ ቤትሆቨንም ክላሲካል፣ ዋሽንትም ክላሲካል፣ የሙላቱም ክላሲካል። በኛ ቤት ክላሲካል ማለት ወይ ሀዘን ነው ወይ ዜና እስኪጀምር መሙያ ነው፣ በቃ።

አሁን ፎልደሩን ክፈትና ተራውን እይልኝ። ሰባት ከሆነ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የሚባለው አልበም ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1972 ኒው ዮርክ ተቀድቶ ዎርዚ በሚባል ትንሽ ካምፓኒ የወጣው። አንደኛው «ሙላቱ» ነው፣ ሁለተኛው «መስከረም ሲጠባ»፣ ሶስተኛው «ደወል»፣ አራተኛው «ኩሉን ማን ኳለሽ»። እማማ ማን አርፎ ነው ያሉህ ታዲያ ደወሉ ላይ ነዋ! ከደወሉ ቀጥሎ ሰርግ ቤት ገቡ። ማንም ስሙን አልነገራቸውም፣ የሸክላውን ሽፋን አላዩም፣ አንድ ቃል አልተዘፈነላቸውም። (ሽፋኑን ቢያዩትም አይጠቅማቸውም፣ ስሞቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፉ ተጣመዋል፣ «መስከረም ሲጠባ» «ማስካራም ሴታባ» ሆኖ የሆነ ሰው ስም መስሏል፣ ፈረንጆቹ እስከዛሬ እንደዛ ነው የሚጠሩት።)

እኔ የማይሰለችበትን ምክንያት የማየው እዚሁ አንተ መኪና ውስጥ ነው። ጥላሁን ሲዘፍን ጥላሁንን ነው የምትሰማው፣ የሱ ፍቅር፣ የሱ ለቅሶ፣ አንተ ተቀምጠህ ታያለህ። እዚህ ሸክላ ላይ ግን የዘፋኙ ወንበር ባዶ ነው። ዜማውን ደግሞ ከልጅነትህ ጀምሮ ታውቀዋለህ፣ ስለዚህ ሳይታወቅህ ወንበሩ ላይ አንተው ትቀመጣለህ። እማማ የገቡበት ሰርግ የልጃቸው ይሁን የራሳቸው ማን ያውቃል፣ ባለ ቀለበቷ ልጅ ምናልባት ገና ያልተሰረገ ሰርግ ነው የታያት፣ አንተ ደግሞ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ የምታስበው ሌላ ነገር ነው፣ ነገም ሌላ ይሆናል። ግጥም ቢኖረው ሁላችሁንም ወደ አንድ ቤት ነበር የሚወስዳችሁ።

«እሺ ጋሼ፣ ሆቴል ሊፍት ውስጥ የሚከፈተውም ኪቦርድ ዘፋኝ የለውም፣ እሱ ለምን ያንገሸግሻል?» ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ፣ ባዶ ወንበር ብቻውን አይበቃም፣ ቤቱም ቤት መሆን አለበት።

ሙላቱ የጅማ ልጅ ነው፣ በ1936 ዓ.ም የተወለደ። ኢንጂነሪንግ እንዲማር ዌልስ ተላከ፣ እዛ ሙዚቃው አሸነፈውና ለንደን ትሪኒቲ የሚባል የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ፣ ከዛ ቦስተን በርክሊ፣ እሱም የሙዚቃ ነው፣ ከዛ ኒው ዮርክ። ኒው ዮርክ ደግሞ ያኔ የላቲን ከበሮ የነገሰበት ጊዜ ነው፣ በ1966 (የፈረንጅ) «አፍሮ ላቲን ሶል» የሚሉ ሁለት ሸክላዎች ከፖርቶ ሪኮ ሙዚቀኞች ጋር አወጣ፣ የባንዱን ስም ግን «ኢትዮጵያን ኩንቴት» ነው ያለው። መሳሪያው ቫይብራፎን ነው፣ አይተኸው ካላወቅህ፣ የብረት ዘንጎች እንደ ፒያኖ ቁልፍ ተደርድረው በትንሽ ዱላ ይመታሉ፣ ከስራቸው ያሉት ቱቦዎች አፍ ላይ ክዳኖች በሞተር ስለሚሽከረከሩ ድምፁ ውሃ ውስጥ እንዳለ ነገር ይርገበገባል።

አሁን ችግሩን ተመልከት። የኛ ቅኝት፣ ትዝታ በለው ባቲ በለው አምባሰል በለው አንቺ ሆዬ፣ አምስት ድምፅ ነው ያለው። ጃዝ ደግሞ አስራ ሁለቱንም ይፈልጋል፣ ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች ናቸው) ላይ ኮርድ ይደራርባል። አምስቷ ድምፅ ስር የጃዝ ኮርድ ዝም ብለህ ከደረደርክ ቅኝቱ ይጠፋል፣ ዜማው የኛ ሆኖ ሳለ ጆሮህ «ይሄስ የኛ አይደለም» ይልሃል፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ። ዛሬ ባህልና ዘመናዊ ቀላቀልን ከሚሉት ብዙዎቹ የሚወድቁት እዚህች ጋ ነው። ፈርተህ ኮርዱን ከተውከው ደግሞ ጃዝ የሚባል ነገር የለም። እሱ ያደረገው፣ እንደኔ ጆሮ እንግዲህ፣ ዜማውንና ቤዙን ቅኝቱ ላይ አጥብቆ አሰራቸው፣ ቤዙ አንዷን ነገር ደጋግሞ ነው የሚለው እንደ ተቀባይ፣ እንግዳውን ነገር ሁሉ ያመጣው በመሳሪያው በኩል ነው፣ ያ «ዋ ዋ» የሚለው ጊታር፣ ኮንጋ የሚባለው የላቲን ከበሮ፣ ፍሉቱ፣ የራሱ ቫይብራፎን። ደግሞ ማንም አይጣደፍም። የጃዝ ተጫዋች ሶሎ ሲሰጠው የሚያውቀውን ሁሉ ካላሳየ አይወርድም፣ እዚህ ሸክላ ላይ ግን ሁሉም ተራው ደርሶት ሁለት ሶስት ነገር ብሎ ዘወር የሚል ይመስላል፣ ሰው ቤት ለቡና እንደተጠራ ጨዋ እንግዳ። ጠቅላላው አርባ ደቂቃ አይሞላም፣ መንገድ ካልተዘጋ አንተ ከየካ አባዶ መገናኛ ደርሰህ ሳትመለስ ያልቃል (መንገድ ካልተዘጋ አልኩ እንጂ)።

ወደ ረዳትህ ልምጣ። ግማሽ እውነት አለው፣ አትጨቃጨቀው። እዚህ አገር ሸክላ ማሳተም የሀገር ፍቅር ብቻ መብት በነበረበት ጊዜ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ደፍሮ በ1961 ዓ.ም አምሃ ሪከርድስን ከፈተ፣ ሙላቱም «ኢትዮ ጃዝ» የሚለውን አልበም በሱ በኩል ነው በ1966 ዓ.ም ግድም ያወጣው፣ ወዲያው አብዮቱ መጣ፣ ሰዓት እላፊ መጣ፣ የማታ ሙዚቃ ቤቱ ሞተ፣ አምሃም ወጣ፣ ሸክላው ቀርቶ ካሴት ሆነ። ሰው ቤት ውስጥ የነበረው ደግሞ ጥላሁን ነው፣ ብዙነሽ ናት፣ ማህሙድ ነው። እውነቱን ልንገርህ አይደል፣ እኔ ራሴ በሃያ አመቴ ይሄን ብትከፍትልኝ «ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» ነበር የምልህ።

ከዛ በ1998 እንደነሱ አቆጣጠር ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ በኢትዮፒክስ ተከታታይ አራተኛው ሲዲ ላይ የሙላቱን የድሮ ስራዎች ሰብስቦ አወጣ። በ2005 ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» የሚለው ፊልሙ ውስጥ አስገባው፣ ይሄን ፊልም ፈልገህ እይ ለሹፌር የተሰራ ነው፣ ተዋናዩ ቢል መሪ የድሮ ፍቅረኞቹን ፍለጋ መኪና ይዞ ሲወጣ ኢትዮጵያዊ የሆነው ጎረቤቱ «መንገድ ላይ ትሰማዋለህ» ብሎ ሲዲ ይሰጠዋል፣ ሰውዬው እየነዳ ሙላቱን ይሰማል። ፍላሽና የሚስት ወንድም ያንተ ጎረቤት ናቸው ማለት ነው። በ2010 ናስ እና ዴሚያን ማርሊ የሙላቱን «የግሌ ትዝታ» ቆርጠው ራፕ አደረጉበት፣ በ2017 ደግሞ ፍላሽህ ላይ ያለው አልበም ራሱ ለንደን እንደገና በሸክላ ታተመ። ስለዚህ አዎ፣ ወደ ገበያ የመለሰው ፈረንጅ ነው፣ ይሄን መካድ አይቻልም፣ ትንሽም ያሳፍራል።

ግን ረዳትህን አንድ ነገር ጠይቀው፣ እማማ ፊልሙን አይተዋል? ፈረንጁ የሚሰማውና እሳቸው የሚሰሙት እኮ አንድ ነገር አይደለም። ለፈረንጁ እንግዳ የሆነበት ዜማው ነው፣ አምስቷ ድምፅ የሆነ ምስጢር ነገር ትመስለዋለች፣ ጊታሩን ግን ከድሮ ፊልሞች ያውቀዋል። እማማ ደግሞ በተቃራኒው፣ ዜማው የቤታቸው ነው፣ እንግዳ የሆነባቸው ያ «ዋ ዋ» የሚለው ነው፣ ሞት የመሰላቸውም እሱ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ሸክላ ለሁለቱም ግማሹ ዘመድ ግማሹ ባዳ ሆኖ ሲመጣ ብዙ አላየሁም። ፈረንጅ የወደደው ሁሉ ደግሞ እዚህ አይወደድም፣ እንደሱ ቢሆን ኖሮ ረዳትህ መጀመሪያ አጥፋው አይልም ነበር።

ሰባቱም እኩል ናቸው አልልህም። የመጨረሻው «ጭፈራ» ለኔ ስሙን አያክልም፣ «ካሳለፍኩት ሁሉ» ግን ማታ መንገዱ ባዶ ሲሆን ብቻህን ክፈተው። ይሄኛውን፣ «ደወል»ንና «ሙናዬ»ን በሌላ ቅጂ ኢትዮፒክስ 4 ላይም ታገኛቸዋለህ፣ ሁለቱን እያፈራረቅህ ስማ፣ የቱ እንደሚሻል ጽፈህ ንገረኝ። አንድ ነገር ብቻ፣ ከኋላ ያለው ስፒከርህ ቤዙን አብዝቶ የሚያጉተመትም ከሆነ ቀንስለት፣ የዚህ ሙዚቃ ቤዝ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ሲያጉተመትም ቫይብራፎኑን ይውጠዋል።

ጥያቄ

ጋሼ እኔ ጀሞ ሁለት ነው የምኖረው ተማሪ ነኝ፣ ጃዝ ልልመድ ብዬ የማይልስ ዴቪስን «ካይንድ ኦፍ ብሉ» አወረድኩ፣ ሁሉም ሰው ከሱ ጀምሪ ስለሚል። ሶስቴ ሞከርኩ፣ ሶስቴም እንቅልፍ ወሰደኝ። ጆሮዬ ነው ችግሩ?

መልስ

ጆሮሽ ጤነኛ ነው ልጄ፣ ብዙ ሰው በሱ ተኝቷል፣ እኔንም ጨምሮ። ግን የኛ ሰው ከማንም ቀድሞ ሊገባው የሚገባ ሸክላ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ማርች 2 እና ኤፕሪል 22 ቀን 1959 በሁለት ቀን ብቻ ነው ኒው ዮርክ የተቀዳው፣ አምስት ዘፈን፣ ሰባት ሰው፣ ከነሱ ውስጥ ሳክስፎን የሚነፋው ጆን ኮልትሬንና ፒያኖ የሚመታው ቢል ኤቫንስ አሉበት። ከዛ በፊት የነበረው ጃዝ በየባሩ (የመጠጡ ባር አይደለም፣ እዚህ አራት ምት ማለት ነው)፣ ሲብስም በየግማሽ ባሩ ኮርድ ይቀይራል፣ ተጫዋቹ እየተሯሯጠ ነው። ማይልስ «ሶ ዋት» ላይ ምን አደረገ፣ አስራ ስድስት ባር ሙሉ አንድ ስኬል (የነሱ ቅኝት በይው) ላይ ቁጭ፣ ከዛ ስምንት ባር ያንኑ ግማሽ ድምፅ ከፍ፣ ከዛ ስምንት ባር ወደ ቦታው፣ አለቀ። ታዲያ ይሄ ለኛ ምን አዲስ ነገር አለው? አዝማሪ ትዝታ ከያዘ ትዝታ ላይ ነው የሚያመሸው፣ ማንም «ቀይር» አይለውም። እነሱ በ1959 የደረሱበትን ማሲንቆ ያለው ሰው ሁሉ ሲኖርበት ነበር (ወገንተኛ ነኝ፣ ይታወቅልኝ)።

ስለዚህ አልጋ ላይ ሆነሽ አትስሚው። ሰሃን እያጠብሽ ክፈቺው፣ መጀመሪያ ቤዙን ብቻ ተከተይ፣ ቤዙ አንድ ነገር ይላል ሌሎቹ በሁለት ድምፅ «ሶ ዋት» ብለው ይቀበሉታል፣ ልክ እንደ ዘፈን ተቀባይ። እሱን ከያዝሽ በኋላ ግማሽ ድምፅ ከፍ የሚልበትን ቦታ ጠብቂ፣ አንዴ ከያዝሽው እንቅልፍ የለም። የድሮ ቅጂ ካገኘሽ ደግሞ አንድ ጉድ አለ፣ የመጀመሪያዎቹ ሶስት ዘፈኖች ሲቀዱ ማሽኑ ትንሽ ዘግይቶ ይዞር ስለነበር ሲጫወቱ ከፍ ብለው ነው የሚሰሙት፣ ይሄ በእትም የታረመው ገና በ1992 ነው። ሰላሳ አመት አለም ሁሉ በተሳሳተ ፍጥነት ሰምቶት ነው የወደደው።

ጥያቄ

ከለገጣፎ ነው የምጽፈው። አባቴ ካረፈ በኋላ ካርቶን ሙሉ ሸክላ አገኘን፣ አንዱ የሙላቱ ነው። አቧራ በልቶታል፣ አጎቴ በኦሞ እጠቢው ይለኛል፣ አንድ ልጅ ደግሞ በስልክ 800 ብር ልስጥሽና ልውሰደው አለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ

እህቴ እግዜር ያጥናሽ። ኦሞ አይነካው፣ አረቄም አይነካው፣ ሶፍት የሚባል ነገርም አይጠጋው ይቧጭራል። ከማደያ የሚሸጠውን ዲስቲልድ ውሃ ግዢ (አሲዱን አይደለም፣ አደራ)፣ ለስላሳ የመነጽር ጨርቅ በትንሹ አርጥበሽ መስመሩን ተከትለሽ ዙሪያውን ብቻ፣ መሀል ያለው ወረቀት እንዳይርስ፣ ከዛ አቁመሽ አድርቂው። ስታስቀምጪውም እንደ መጽሐፍ አቁመሽ እንጂ እንደ እንጀራ ደራርበሽ አይሁን። እኔ አንድ የምወደውን ሸክላ በጋ ላይ ቁምሳጥን አናት አድርጌ ረሳሁት፣ ከላይ ቆርቆሮው ነው፣ በወሩ እንደ ሰፌድ ጎብጦ አገኘሁት፣ እስከዛሬ አልጣልኩትም ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

ወረቀቱ ላይ «ዎርዚ» የሚል ካለ የመጀመሪያው እትም ሊሆን ይችላል፣ «ስትራት» የሚል ካለ በ2017 እንደገና የታተመው ነው፣ አባትሽ ከቆየ ካርቶን ውስጥ ያስቀመጡት ከሆነ ግን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፣ እሱ ደግሞ ሰብሳቢዎች ባህር ማዶ ሆነው የሚፈላለጉት ነገር ነው፣ በስልክ በተነገረሽ ዋጋ እንዳትሰጪ። ልጁ ድጋሚ ከደወለ «ማጫወቻ አለህ?» በይው። ካለው ይዞ ይምጣና እናንተ ቤት አንዴ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስሙት፣ ስለ ብሩ ከዛ በኋላ ታወራላችሁ።